ፍሬን የት ይታይ፣ ምኑ ይቀየር? የጋራዥና የጥገና ንጽጽር

አንድ ጊዜ መኪናዬ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከፊት ግራ ጎማ በኩል ታፏጭ ጀመር። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ውስጥ ሰውየው ጎማ ሳይፈታ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ አየና «ሸራውም ዲስኩም አልቋል፤ ካሊፐሩም አብሮ ይቀየር» ብሎ ፈረደ። (ዲስክ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው ክብ ብረት ነው፤ ሸራ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው፣ ካሊፐር ደግሞ ሸራዎቹን የሚገፋው ክፍል ነው።) ልቤ አልቀበል ስላለኝ ሌላ ጋ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ወጣት መካኒክ መኪናዋን አነሳ፣ ጎማውን ፈታ፣ ሸራዎቹን አውጥቶ በካሊብሮ ለካቸው። የውጪው ሸራ 7 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፤ የውስጡ ግን 2 ብቻ። ዲስኩ ከተፈቀደለት ዝቅተኛ ውፍረት በላይ ነው። ጥፋቱ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባት ዘንግ ደርቃ መያዟ ነበር። ዘንጎቹ ጸዱ፣ ተቀቡ፣ የፊት ሸራዎች በሁለቱም በኩል ተቀየሩ፤ አለቀ።

ሁለቱን ጋራዦች ከበር ላይ ሆኖ ያየ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጥ ነበር። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ደንበኛም ይበዛበታል። ከዚያ ወዲህ ጋራዥ የማወዳድርበት ዋና ጥያቄ አንድ ሆኗል፦ ሰውየው ከመናገሩ በፊት ይለካል ወይስ አይለካም? ሁለተኛው ጥያቄ ከብልሽቱ የሚመጣ ነው። ሸራ መቀየርና መኪናዋ እንዳትንሸራተት የሚያግዘውን የመረጋጊያ ኮምፒውተር መመርመር አንድ ዓይነት ሥራ ስላልሆኑ ሁለቱንም አንድ ቦታ መውሰድ ግዴታ የለም።

መጀመሪያ መኪናዋ የምትለውን መስማት

ጋራዥ ስትደርሱ «ፍሬኗ ልክ አይደለም» ብቻ ካላችሁ፣ የሚሠራው ሥራ የመካኒኩ ግምት ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል እንዲሉ፣ ምልክቱን በትክክል መናገር ግማሹን ምርመራ ይጨርሳል። መቼ ነው የሚሰማው? ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ቀስ ብላችሁ ስትይዙ ነው በድንገት? ከፊት ነው ከኋላ? እነዚህን በልባችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ቀጭን ፉጨት ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው። በብዙ ሸራዎች ላይ አንዲት ቀጭን ብረት አለች፤ ሸራው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ዲስኩን እየነካች እንድታፏጭ ሆን ተብሎ የተሠራች ናት። ፉጨት በአቧራ፣ በእርጥበት ወይም ሸራው በሚቀመጥበት ቦታ መድረቅም ይመጣል፤ ስለዚህ ፉጨት ሁሉ «አልቋል» ማለት አይደለም። ብረት ከብረት የሚፋጭበት የሚሻክር ድምፅ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ሸራው አልቆ የተሸከመው ብረት ዲስኩን እየበላ ነው፤ በሸራ ብቻ ያልቅ የነበረ ሥራ በየኪሎ ሜትሩ ወደ ዲስክ ቅያሪ ይሸጋገራል።

ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል፣ ወይም የጎማ ቱቦዎቹ ደክመው እየተነፉ ነው። እግራችሁን አጽንታችሁ ይዛችሁ ሳለ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ ወይ አንድ ቦታ ዘይት ይፈስሳል፣ ወይም መካኒኮች ማስተር የሚሉት ዋናው የፍሬን ፖምፓ በውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች (የጎማ ማሸጊያዎች) ግፊቱን መያዝ አቅቷቸዋል። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ጥርጣሬው የእግርን ግፊት ወደሚያግዘው ክፍል፣ ወደ ሰርቮው ይሄዳል። እሱን ራሳችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ርገጡ፤ ከዚያ ረግጣችሁ እንደያዛችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው እየረዳችሁ ነው። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ለመካኒኩ የምትነግሩት ነገር አገኛችሁ።

መኪናዋ ፍሬን ስትያዝ ወደ አንድ ጎን የምትስብ ከሆነ ከሁሉ በፊት የጎማ ንፋስ አስለኩ፤ ይህ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ንፋሱ እኩል ከሆነ የያዘ ካሊፐር፣ ዘይት ወይም ግራሶ የነካው ሸራ፣ ወይም ከውስጥ የተዘጋ ቱቦ ይፈለጋል። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያስታል። አሮጌ የጎማ ቱቦ ውስጡ ተልጦ ዘይቱን ሲያስገባ ያስገባና አላስወጣ ይላል፤ እግራችሁን ብታነሱም ያ ጎማ እንደተያዘ ይቀራል። ከጉዞ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለና የሚቃጠል ሽታ ካለ ይህ ወይም የያዘ ፒስተን (ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን የሚገፋው) ሊሆን ይችላል።

የብረት መፋጨት፣ የሚሰምጥ ፔዳል፣ ከጎማ ውስጥ የሚንጠባጠብ ዘይት ወይም የበራ ቀይ የፍሬን መብራት ካለ «እስከ ጋራዡ ቀስ ብዬ እነዳለሁ» አይባልም። መኪናዋ ተጎትታ ትሂድ፣ ወይም መካኒኩ ይምጣ። ለጊዜው መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የእናንተን ፍሬን የሚያምን መሆኑን አስቡ፤ ደግሞም ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት አራት እጥፍ ነው።

የት ይወሰድ?

የአምራቹ ወኪል ጋራዥ ጥንካሬው መረጃው ነው። የእናንተን ሞዴል መመሪያ፣ የዲስኩን ዝቅተኛ ውፍረት፣ እያንዳንዱ ብሎን በስንት ኃይል እንደሚጠብቅ፣ አምራቹ በዚያ ሞዴል ላይ ጉድለት ሲያገኝ «መልሳችሁ አምጡ» ብሎ ያወጣውን የጥሪ ማስታወቂያ ሁሉ ያገኛል። መመርመሪያ ኮምፒውተሩም ከመኪናዋ ጋር በሙሉ ቋንቋ ይነጋገራል። ድካሙ ደግሞ ከዚሁ ይመጣል። መጠገን የሚቻለውን ካሊፐር ሙሉውን መቀየር ይቀናዋል፤ መኪናዋን የነካውን መካኒክ ሳይሆን እንግዳ ተቀባዩን ነው የምታናግሩት፤ ተራውም ይረዝማል። ዋስትናዋ ያላለቀ መኪና፣ የጸረ መቆለፊያ (ኤቢኤስ) ወይም የመረጋጊያ ሥርዓት መብራት የበራባት መኪና፣ የእጅ ፍሬኗ በቁልፍ የሚሠራ ኤሌክትሪክ የሆነባት መኪና ካላችሁ ግን ከዚያ መጀመር ይበጃል። ኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ባላት መኪና የኋላ ሸራ ለመቀየር የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ሞተር በኮምፒውተር ወደ ጥገና ሁኔታ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ፒስተኑን በጉልበት ሲገፋ ያችን ትንሽ ሞተር ይሰብራታል። በጸረ መቆለፊያው ክፍል ውስጥ የገባ አየርም በአንዳንድ ሞዴሎች ያለ ኮምፒውተር ትእዛዝ አይወጣም።

ስለ ኤሌክትሪክና ሃይብሪድ መኪናዎች አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚህ መኪናዎች ፍጥነት የሚቀንሰው በአብዛኛው ሞተሩ ራሱ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ስለሆነ ሸራዎቹ ዓመታት ይቆያሉ። ባለቤቶቹም «ፍሬን አያልቅባትም» እያሉ ይዘናጋሉ። ችግሩ ማለቅ ሳይሆን ሥራ መፍታት ነው፤ ዲስኩ ይዝጋል፣ ዘንጎቹ ይደርቃሉ፣ ሸራው ባለበት ይጣበቃል። እዚህ ምርመራው የሚፈልገው ያለቀ ነገር ሳይሆን የያዘ ነገር ነው። የአምራቹ ጋራዥም ሆነ ሌላ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው መሆኑን በጥያቄ አረጋግጡ።

የሰፈር ጋራዥ የብዙዎቻችን ምርጫ ነው፤ በበኩሌ ለብዙው የፍሬን ሥራ ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው እላለሁ። ሸራ፣ ዲስክ፣ ቱቦ፣ ዘይት መቀየር፣ ካሊፐር መፍታትና ማጽዳት፣ የታምቡር ፍሬን (ሸራው በከበሮ መሰል ብረት ውስጥ ሆኖ የሚይዘው) ማስተካከል፦ እነዚህ ለጎበዝ መካኒክ የዕለት እንጀራ ናቸው። ትልቁ ጥቅሙ የማስታወስ ችሎታው ነው። ባለፈው ዓመት የለካው ሸራ ዘንድሮ ስንት እንደቀረው ሲያይ፣ በስንት ወር ስንት ሚሊ ሜትር እንደምትበሉ ያውቃል። ችግሩ አንዱ ከሌላው እጅግ መለያየቱ ነው፤ አንዱ ጥንቁቅ ባለሙያ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ሁሉን በመዶሻ የሚፈታ ይሆናል።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ምልክቶቹ ጥቃቅን ናቸው። ካሊፐሩን ከፈታ በኋላ በቱቦው አንጠልጥሎ ይተወዋል ወይስ በሽቦ ያስረዋል? በቱቦው ከተንጠለጠለ ቱቦው ከውስጥ ይጎዳል። የፍሬን ብናኝ በኮምፕሬሰር ንፋስ ይነፋል ወይስ በፈሳሽ ማጽጃ ያጥበዋል? ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው፤ የቆዩ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ስለሚችል ደግሞ የሚነፋ ሰው ራሱንም አጠገቡ የቆመውንም ይጎዳል። የጎማ ብሎኖችን በንፋስ መሣሪያ ግድርድር አድርጎ ይለቅቃል ወይስ በመጨረሻ በመጠን በሚያጠብቅ ቁልፍ ይጨርሳል? የዘይቱን ጠርሙስ ከፍቶ ከወር በፊት የተረፈውን ነው የሚያወጣው ወይስ የታሸገ? የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውኃ ይጠጣል፤ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ ከመጀመሪያውኑ ያረጀ ዘይት ነው። አሮጌውን ዕቃ ሳትጠይቁት አውጥቶ የሚያሳይ ጋራዥም ጥሩ ጋራዥ ነው፤ «ጣልኩት» የሚለውን ግን ተጠንቀቁ።

ፍሬን ብቻ የሚሠሩ ቤቶች ሦስተኛው ምርጫ ናቸው። ብረት የሚልጥ ማሽን፣ ማለትም ቶርኖ አላቸው፣ ሸራ ይለጥፋሉ ወይም በሪቬት ይመታሉ፣ ፖምፓ ያድሳሉ፣ የጭነት መኪና የንፋስ ፍሬንም ያውቃሉ። መለዋወጫ የማይገኝላት የቆየች መኪና ካላችሁ ወይም ሁለት ሦስት ጊዜ ተሠርቶ የተመለሰ መንቀጥቀጥ ካለ ወደ እነሱ ሂዱ። አንድ ስጋት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ፍሬን የሚያይ ሰው የላላ ኩሽኔታን ወይም ያለቀ የመሪ ጫፍንም ፍሬን ሊያደርገው ይችላል። መንቀጥቀጡ ፍሬን ሳትይዙም ካለ ቀድሞ ሌላውን አስፈትሹ።

ቤት ድረስ የሚመጣ መካኒክ ለሸራ ቅያሪ፣ መሬቱ ደልዳላ ከሆነና በክሪክ ላይ ብቻ ሳይተማመን መደገፊያ ከተከለ ምንም አይልም። የተዘጋ ቱቦ፣ የማይታወቅ መንቀጥቀጥ ወይም የኮምፒውተር ጉዳይ ሲሆን ግን መሣሪያው ስለሌለው ይገምታል። ራሴ ልሥራው ለሚል ሰው ደግሞ ልምድ ካለው አጠገብ አንዴ ሳይሠሩ ብቻን መጀመር አይመከርም፤ ከሁሉ የሚረሳው ነገር የተገፋው ፒስተን ከመኪናዋ መንቀሳቀስ በፊት ፔዳሉ ተደጋግሞ ካልተረገጠ ወደ ቦታው አለመመለሱ ነው። የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ይሄዳል፤ መኪናዋም አትቆምም።

ሦስት ዓይነት ምርመራ አለ

«አየሁት» የሚለው ቃል ከሦስት ነገር አንዱን ሊሆን ይችላል፣ ልዩነታቸውም ሰፊ ነው። የመጀመሪያው በቸርኬው ቀዳዳ ማየት ነው። የውጪውን ሸራ ያሳያል፤ የውስጡን አያሳይም። የታምቡር ፍሬን ከሆነ ደግሞ ምንም አያሳይም። የእኔን መኪና የፈረደባት እንዲህ ያለ እይታ ነበር።

ሁለተኛው ጎማ ፈትቶ መለካት ነው፤ ምርመራ ብዬ የምጠራው ይህን ነው። የአዲስ የዲስክ ሸራ የሚፋቀው ክፍል ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። 3 ሚሊ ሜትር ሲቀር መቀየር ልማድ ነው፤ ብዙ አምራቾች ፍጹም ዳር የሚሉት 2 ሚሊ ሜትርን ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፦ ሸራው የተለጠፈበት ብረት ራሱ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሁለቱን ደምሮ የሚለካ ሰው ያለቀውን «ገና ነው» ይላችኋል። በሪቬት የተመታ የታምቡር ሸራ ከሆነ የሚለካው ከሪቬቱ ራስ በላይ የቀረው ነው። ዲስኩ ሲለካ የሚነጻጸረው በጠርዙ ወይም በመካከሉ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት ጋር ነው፤ የታምቡሩ ደግሞ ሊደርስ ከሚፈቀድለት ትልቁ ስፋት ጋር፣ ያም ታምቡሩ ላይ ተቀርጿል። ቁጥሩ ራሱ ብረቱ ላይ እያለ «በልምዴ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ «አሳየኝ» ማለት ድፍረት አይደለም። ቱቦዎቹ ይዳሰሳሉ፣ የብረት መስመሮቹ ለዝገት ይታያሉ፣ ዘንጎቹ በእጅ ይንቀሳቀሳሉ፣ የፒስተኑ አቧራ መከላከያ ጎማ መቀደዱና አለመቀደዱ ይፈተሻል።

ሦስተኛው በሚሽከረከሩ ብረቶች ላይ ጎማዎቹን እያሽከረከረ የእያንዳንዱን ጎማ የመያዝ ኃይል የሚለካው ማሽን ነው። ይህ ሸራው ስንት እንደቀረ አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ ግራና ቀኝ እኩል መያዛቸውን ነው። በአውሮፓ ኅብረት የተሽከርካሪ ምርመራ ደንብ አንዱ ጎማ በዚያው አክስል ካለው ጓደኛው 70 በመቶ በታች ከያዘ ጉድለት ነው። መኪናችሁ ወደ ጎን የምትስብ ከሆነ ወይም ከጥገና በኋላ ልብ የማያሳርፍ ነገር ካለ ማሽኑ ያለውን ቤት ፈልጉ። ለተራ የሸራ ምርመራ ግን ሁለተኛው ይበቃል።

ዲስክ፦ ቶርኖ ወይስ አዲስ?

ከሁሉ የሚያከራክረው ይህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ፍሬን ስትይዙ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሁሉም ሰው «ዲስኩ ተጣሟል» ይላል። በአብዛኛው ግን ዲስኩ አልተጣመመም፤ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ተለያይቷል። የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅግ ጥቂት ነገር ይመስላል፣ ነገር ግን ሁለት መቶኛ፣ ማለትም 0.02 ሚሊ ሜትር ያህል የውፍረት ልዩነት በመሪው ላይ ሊሰማ ይችላል። ይህ ልዩነት የሚፈጠረው ደግሞ ዲስኩ ሲሽከረከር ጥቂት እየተወዛወዘ በሺዎች ኪሎ ሜትር ሸራውን በአንድ ቦታ ስለሚነካ ነው። መወዛወዙስ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ ዲስኩ በሚቀመጥበት ፊት ላይ ካለ ዝገት፣ ወይም እኩል ባልጠበቁ የጎማ ብሎኖች።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ አዲስ ዲስክ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። የዛገው ፊት ሳይጸዳ አዲስ ዲስክ ቢታሰር መንቀጥቀጡ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ይመለሳል፤ ባለቤቱም «ዲስኩ ፎርጂድ ነበር» ይላል። ሁለት ጋራዦችን ስታወዳድሩ «ዲስኩን ከመግጠማችሁ በፊት መቀመጫውን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። በብረት ብሩሽ እንደሚያጸዳና መወዛወዙን በሰዓት መሰሉ መለኪያ እንደሚፈትሽ የነገራችሁን ያዙ።

ቶርኖ መልካም የሚሆነው ብረት ሲተርፍ ነው። ለምሳሌ አዲስ ሲሆን 24 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ዝቅተኛው 22 የሆነ ዲስክ አላችሁ እንበል። አሁን 23.4 ከሆነ በሁለቱም ፊት 0.2 ቢላጥ 23 ይቀራል፤ ገና ብዙ ይሠራል፣ ቶርኖ ያዋጣል። አሁን 22.6 ከሆነ ግን ተላጥቶ 22.2 ይቀራል። ሕጋዊ ነው፣ ዛሬ ያልፋል፤ ነገር ግን አዲሱ ሸራ ግማሽ ሳይሄድ ዲስኩ ከዳሩ ያልፋል፣ የእጅ ዋጋም ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ከዚህም ሌላ ቀጭን ዲስክ ሙቀት የሚሸከምበት ብረት አነስተኛ ስለሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ ቶሎ ይግላል። ስንጥቅ ያለበት ዲስክ ላይ ግን ክርክር የለም፤ ምንም ያህል ቢወፍር ይጣላል። በሁለቱም ምርጫ ሥራው በጥንድ ነው፤ የአንዱን ብቻ የቀየረ መካኒክ መኪናዋን ወደ ጎን መሳብ አስተምሯታል።

ሸራ፣ ካሊፐር፣ ዘይት

የሸራ ዓይነት ሲመረጥ «ጠንካራ» የሚለው ቃል ብቻውን አያግዝም። ከቃጫና ሙጫ መሰል ነገሮች የተሠራው ለስላሳ ሸራ ድምፅ አያበዛም፣ ዲስክም አይበላም፤ ሲግል ግን ኃይሉ ይቀንሳል፣ ቶሎም ያልቃል። ብረት የበዛበት ከፊል ብረት ሸራ ሙቀት ይችላል፣ ለጭነትና ለቁልቁለት ይሻላል፤ ያፏጫል፣ ዲስክንም ይበላል። ሴራሚክ የሚባለው ጸጥ ያለና አቧራው ያነሰ ነው፣ በከተማ ለሚነዳ ቤት መኪና ጥሩ ነው። እኔ ብሆን ለጭነት መኪና ሴራሚክ አልመርጥም። ከአምራቹ ያልመጣ ሸራ ሁሉ መጥፎ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 90 የሚባል መስፈርት አለ፤ መለዋወጫ ሸራ የመያዝ ኃይሉ ከኦሪጅናሉ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ይፈትናል። ያለፈው ሸራ ማሸጊያውና ጀርባው ላይ በክብ ውስጥ የላቲን «ኢ» ፊደል ከአገር ቁጥር ጋር ይታተምበታል። ጀርባው ላይ ምንም ጽሑፍ የሌለውን ሸራ በነጻ ቢሰጡኝ አልገጥመውም።

የያዘ ካሊፐር ሲሆን ሦስት መንገድ አለ፦ ጎሚኒዎቹን ቀይሮ ማደስ፣ አዲስ መግዛት፣ ወይም ከፈረሰች መኪና ያገለገለ መግጠም። ፒስተኑ ካልዛገና ካልተጫረ ማደስ ከሁሉም የተሻለ ዋጋ ነው። ፒስተኑ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ አዲስ ጎሚኒ አያድነውም፤ ይቀየር። ያገለገለ ካሊፐር ቢያንስ ተፈትቶ ካልታደሰ በስተቀር ሌላ ሰው ያመለጠውን ችግር መውረስ ነው። ያገለገለ ሸራና ያገለገለ የጎማ ቱቦ ግን ጨርሶ አይታሰብም። ዘንጎቹ ላይ የሚቀባውም ለፍሬን የተዘጋጀ ግራሶ ይሁን፤ ተራው ግራሶ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ከጥቂት ወር በኋላም ዘንጉ መልሶ ይይዛል።

ዘይት ላይ የሚደረገው ስሕተት ከሁሉ ቀላልና ከሁሉ አደገኛ ነው። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው፤ አዲስ ሲሆኑ ቢያንስ 205፣ 230 እና 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ካልደረሱ አይፈሉም። 3.7 በመቶ ውኃ ሲጠጡ ግን ይህ ቁጥር ወደ 140፣ 155 እና 180 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ የጋለ ፍሬን እዚያ ሲደርስ ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሄዳል። ስለዚህ ነው ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚሉት፣ ኪሎ ሜትሩ ምንም ያህል ቢሆን። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ቁጥሩ ቢቀራረብም ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ወደ ፍሬን ጠርሙስ ከገባ ጎሚኒዎቹን ሁሉ አሳብጦ ከማስተር እስከ ጎማ ድረስ ያበላሻል። ደግሞ ሸራ ሲሳሳ የዘይቱ መጠን ራሱ ይወርዳል፤ «ዘይት ጎደለ» ብሎ ብቻ የሚሞላ ሰው የሸራውን ማለቅ እየሸፈነ ነው፣ አዲስ ሸራ ሲገባም ትርፉ ፈስሶ ቀለሙን ይልጠዋል።

ሁለት ግምቶች ሲቀመጡ

የሁለት ጋራዥ ዋጋ በድምር አይወዳደርም። አንዱ ሸራ ብቻ ብሎ ይሆናል፤ ሌላው ሸራ፣ የዘንግ ማጽዳት፣ የመቀመጫ ማጽዳትና ዘይት። «ርካሹ» ሥራ ሦስቱን ትቷቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም በመስመር እንዲጽፉ ጠይቁ፦ የትኛው ዕቃ፣ ስሪቱ የማን፣ የእጅ ዋጋ ስንት፣ የተለካው ቁጥር ስንት። ቁጥር የሌለበት «መቀየር አለበት» ፍርድ ሳይሆን ግምት ነው። ዋስትናም በጽሑፍ ይሁን፣ ለዕቃው ብቻ ነው ወይስ ለእጅም ጭምር? በቃል ብቻ የተሰጠ ዋስትና ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሁሉን በአንዴ የሚያስቀይር ጋራዥ ሌባ ነው ማለት አይደለም። 120 ሺህ ኪሎ ሜትር በሄደች መኪና የፊት ሸራና ዲስክ አብረው ማለቃቸው ያለ ነገር ነው። በሌላ በኩል ገና 30 ሺህ ያልሞላት መኪና አራቱም ካሊፐር ይቀየር ከተባለ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። ቁጥሩን አስጽፋችሁ ወደ ሌላ ጋራዥ መሄድ ስድብ አይደለም፤ ጥሩ መካኒክ አይቆጣበትም።

መኪናዋን ስትረከቡ

ከመነሳታችሁ በፊት ሞተሩን አስነስታችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ ያዙ፤ ከፍ ያለና ጽኑ መሆን አለበት፣ አይሰምጥም። ከጎማ ሥር ዘይት ካለ እዩ። ከመካኒኩ ጋር ሆናችሁ ጥቂት ንዱ፣ ቀስ ብላችሁ ያዙ፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጋችሁ፤ መሳብም መንቀጥቀጥም እንደሌለ አረጋግጡ። አዲስ ሸራና ዲስክ እርስ በርስ መለማመድ ይፈልጋሉ። ነጻ መንገድ ላይ ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 20 ገደማ መጠነኛ አድርጎ ስምንት አሥር ጊዜ ማብረድ፣ በየመሃሉም እየነዱ ማቀዝቀዝ ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ቆማችሁ በጋለ ፍሬን ላይ ፔዳሉን ይዛችሁ አትቆዩ፤ ሸራው ዲስኩ ላይ ይታተምና ያው የፈራችሁት መንቀጥቀጥ ከአሁኑ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች፣ ካልቸገራችሁ በስተቀር፣ ፍሬኑን በኃይል አትያዙ።

ጎማዎቹ ስለተፈቱ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ብሎኖቹን መልሳችሁ አስጠብቁ፣ በመጠን በሚያጠብቅ ቁልፍ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል።